ተላማጅ ጎጆ፦ ለ«ፖርቴብል ፎርክ» የሚሆን አማርኛ

ፕሮግራም ጸሐፊዎች እርስ በርስ ሲያወሩ «ፎርክ አድርጌዋለሁ»፣ «ብራንች ከፍተህ ሥራ» ቢባባሉ ማንም አይቸገርም። ችግሩ የሚመጣው ያንኑ ነገር በአማርኛ ለማስተማር ብዕር ሲነሣ ነው። ሁለቱም ቃላት «ቅርንጫፍ» ተብለው የተተረጎሙባቸውን የማስተማሪያ ጽሑፎች አንብቤአለሁ። ተማሪው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ ይይዝና ሥራ ላይ ሲደርስ ይሰናከላል።

ብራንችን ቅርንጫፍ ማለት ተገቢ ነው፤ እኔም የምጠቀመው ይህንኑ ነው። ቅርንጫፍ ከግንዱ አልተለየም፤ ባለቤቱም ማከማቻውም ያው ነው። ፎርክ ግን ከቤት የወጣ ነው። የክፍት ምንጭ ፈቃዱ በሚሰጠው መብት ኮዱን እንዳለ ይወስዳል፤ ከዚያ ወዲያ ስሙ፣ አስተዳዳሪው፣ ዕትም የሚያወጣበት ቀን የራሱ ነው። «ተገንጣይ» የሚሉት አሉ። ቃሉ በአገራችን የተሸከመው የፖለቲካ ሸክም ከባድ ስለሆነ አልወደድሁትም፤ ጠብ የሌለበትንም ጠበኛ ያስመስላል። እኔ የምመርጠው «ጎጆ መውጣት»ን ነው። ልጅ ጎጆ ሲወጣ ዘርና ከብት ይሰጠዋል፣ ደጁን ይለያል፣ ዝምድናው ግን አይቆረጥም። ኮድ ደግሞ ከከብት የሚሻልበት ነገር አለው፦ ልጁ ሁሉን ይዞ ቢወጣም ከአባቱ በረት አንዲት ጥጃ አትጎድልም።

«ፖርቴብል» ሲባል ቶሎ የሚመጣልን «ተንቀሳቃሽ» ነው። ይህን ቃል ግን ስልክ ወስዶታል። እዚህ የሚፈለገው ለአንድ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ታስቦ የተጻፈ ፕሮግራም ሊኑክስ፣ ማክ ወይም ዊንዶውስ ላይም እንደ አገሩ ሆኖ እንዲሠራ ማድረግ ነው፤ ሰው አዲስ አገር ሲገባ ውኃውንና አየሩን እንደሚላመደው። ስለዚህ «ተላማጅ» እላለሁ። ሁለቱ ሲጋጠሙ «ተላማጅ ጎጆ» ይሆናል።

ቃሉን ከሥራው ጋር ለማየት ከሊብሬኤስኤስኤል የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በኤፕሪል 2014 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሃርትብሊድ የተባለው ቀዳዳ ይፋ ሆነ። የኢንተርኔትን ምስጢር ከሚጠብቁት ፕሮግራሞች ዋነኛው የነበረው ኦፕንኤስኤስኤል፣ ለሁለት ዓመት ያህል የሰርቨሮችን ሜሞሪ ለጠየቀ ሁሉ ሲያፈስ እንደኖረ ታወቀ። ኦፕንቢኤስዲ የተባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚሠሩት ሰዎች በዚያው ወር ኮዱን ይዘው ጎጆ ወጡ፤ ጎጆው ሊብሬኤስኤስኤል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ከ90,000 በላይ የሲ መስመሮችን ነቅለው ጣሉ፤ እንደ ቪኤምኤስና ኦኤስ/2 ላሉ ያረጁ ሲስተሞች ሲባል የተከመረው ኮድም አብሮ ሄደ። በጁላይ ደግሞ 2.0.0 የተባለው የመጀመሪያው ተላማጅ ዕትም ለሌላው ዓለም ወጣ።

እዚህ ሁለት እርምጃ አለ። የመጀመሪያው ከኦፕንኤስኤስኤል መውጣት ነው፤ ያ ቁርጥ ያለ መለያየት ነበር። ሁለተኛው ተላማጁ ነው፤ እሱ በራሱ ፈቃድ አይሄድም፣ የኦፕንቢኤስዲን ቤት ደረጃ በደረጃ ይከተላል። የቅርንጫፍ አያያዝ ከባድ የሚሆነው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው።

ሊብሬኤስኤስኤል የሚኖረው በሁለት ማከማቻ ነው። ዋናው የምስጢር ኮድ የሚጻፈው በኦፕንቢኤስዲ ማከማቻ ሲሆን፣ ተላማጁ የሚቀዳው ከዚያ የጊት ግልባጭ ነው። በተላማጁ በኩል የሚቀመጡት የግንባታ ፋይሎች፣ ሌሎቹ ሲስተሞች የጎደላቸውን የሚሞሉ ትንንሽ ፋይሎችና ጥቂት መጣፊያዎች (ፓቾች) ናቸው። ለምሳሌ ኦፕንቢኤስዲ የማይገመት ቁጥር በአንድ ጥሪ ከከርነሉ ያገኛል፤ ሊኑክስ የዚያ ዓይነት ጥሪ የኖረው በ3.17 ዕትሙ፣ በኦክቶበር 2014 ነው። በጁላይ የወጣው ተላማጅ ያንን ክፍተት በራሱ ኮድ መድፈን ነበረበት።

ሁለቱ ማከማቻዎች እንዳይተላለፉ የምትጠብቀው አንዲት መስመር ብቻ ያለባት ፋይል ናት። ስሟ «ኦፕንቢኤስዲ ብራንች» ነው፤ ውስጧ ያለው የአንድ ቅርንጫፍ ስም ብቻ። ግንዱ ላይ ስትሆኑ «ማስተር» ትላለች፤ ኦፕንቢኤስዲ 7.4ን በሚከተለው ቅርንጫፍ ላይ ስትሆኑ የ7.4ን ስም ትይዛለች። የማደሻው ስክሪፕት ሲነሣ መጀመሪያ እሷን ያነባል፣ የኦፕንቢኤስዲውን ግልባጭ ወደተባለው ቅርንጫፍ ያዞራል፣ አዲሱን ይስባል፣ የሚያስፈልጉትን ፋይሎች ወደ ተላማጁ ይገለብጣል። ኦፕንቢኤስዲ በየስድስት ወሩ ገደማ ዕትም ስለሚያወጣ ቅርንጫፎቹም በዚያው ልክ ይበቅላሉ፤ 3.8 የተባለው የሊብሬኤስኤስኤል ተከታታይ የ7.4 አቻ ነው። ኦፕንቢኤስዲ የሚጠግነው የመጨረሻዎቹን ሁለት ዕትሞች ብቻ ስለሆነ፣ የአንድ ቅርንጫፍ ዕድሜ አንድ ዓመት ያህል ነው።

በዚህ ዓይነት በተደራጀ ሌላ ሥራ ላይ አብሮኝ የነበረ ወጣት ስሕተት አግኝቶ፣ ተገልብጠው ከመጡት ፋይሎች በአንዱ ላይ አረመው፣ ፈተነው፣ ሠራለት። በማግሥቱ ስክሪፕቱን አስነሥቶ «ጋሼ፣ የትናንቱ እርማቴ የለም፤ ማን ነው የነካው?» አለኝ። ማንም አልነካውም፤ ስክሪፕቱ ከላይ ያመጣውን በላዩ ጽፎበት ነው። «የት ነበር መታረም የነበረበት?» አልሁት። ትንሽ አሰበና የኦፕንቢኤስዲውን ቦታ ወደያዘው፣ ወደ ላይኛው ማከማቻ ጠቆመ። እርማቱ ለሁሉም ሲስተም የሚጠቅም ከሆነ የሚገባው ከላይ ነው። ለሊኑክስ ብቻ ከሆነ በመጣፊያነት ከታች ይቀመጣል፤ ስክሪፕቱም ከገለበጠ በኋላ ራሱ ይጥፈዋል።

«ላይኛው» ያልሁት ባለሙያዎቹ «አፕስትሪም» የሚሉትን ነው። ለዚህኛው ቃል ፍለጋ አያስፈልገንም፤ ስለ ዓባይ ሲወራ የለመድነው «የላይኛው ተፋሰስ» እና «የታችኛው ተፋሰስ» ልክክ ይልለታል።

የዚያው የኦፕንቢኤስዲ ቤት ሥራ የሆነው፣ ከሩቅ ወደ ሰርቨር የሚያስገባው ኦፕንኤስኤስኤች ሌላ መንገድ ይዟል። ተላማጁ የራሱ ሙሉ ዛፍ አለው፤ ከኦፕንቢኤስዲ የመጣው ለውጥ አንድ በአንድ በዚያ ዛፍ ላይ ይገባል። የለውጡ መግለጫ «አፕስትሪም» ብሎ ይጀምራል፣ የመነሻው መለያም ከሥሩ ይጻፋል። የአንድን መስመር ታሪክ ለመከታተል ይህ እጅግ ይመቻል። ነገር ግን የላይኛውና የታችኛው ኮድ በአንድ ዛፍ ላይ ተቀላቅለው ስለሚኖሩ ንቁ ዓይን ይፈልጋል። ለጀማሪ ቡድን የምመክረው የሊብሬኤስኤስኤልን አሠራር ነው።

ዓይን የሚፈልገው ለምን እንደሆነ በጁላይ 1 ቀን 2024 ታየ። ኳሊስ የተባለው የደኅንነት ድርጅት ተመራማሪዎች በኦፕንኤስኤስኤች ያገኙትን ቀዳዳ ይፋ አደረጉ። ሰርቨሩ ሊገባ የሚሞክርን ሰው፣ ማስተካከያው ካልተነካ፣ 120 ሰከንድ ይጠብቀዋል። ጊዜው ሲያልቅ ማንቂያ ይነሣል፣ የተያዘው ሥራ ባለበት ይቋረጣል፣ የሆነው ነገር መዝገብ ላይ ይጻፋል። ሥራ በተቋረጠበት መሐል መዝገብ መጻፍ ኦፕንቢኤስዲ ላይ አያሰጋም፤ ከ2001 ጀምሮ ለዚሁ የተዘጋጀ ጥሪ አላቸው። ብዙ ሊኑክሶች የሚጠቀሙበት ጂሊብሲ የተባለው የሲ ላይብረሪ ግን ለዚህ አልተሠራም፤ ሜሞሪው ሊዛባና አጥቂው የሰርቨሩ አዛዥ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለይ አንድ የቅድመ ሁኔታ መስመር ኮዱ ውስጥ ነበረ፦ በዚህ ሲስተም ላይ የማያሰጋ ከሆነ ጻፍ፣ የሚያሰጋ ከሆነ ሳትጽፍ ውጣ። በ2020 የመዝገቡ ክፍል ሲታደስ ያ መስመር ሳይታሰብ ወጣ። ከ8.5ፒ1 እስከ 9.7ፒ1 ያሉት ዕትሞች ቀዳዳውን እንደያዙ ቆዩ፤ 9.8ፒ1 ደፈነው። ኦፕንቢኤስዲ ግን አልተነካም።

ከዕትሙ ቁጥር ጎን ያለችው «ፒ» ፖርቴብል ለሚለው የቆመች ናት። ሊኑክስ ወይም ማክ ላይ ተርሚናል ከፍታችሁ ኤስኤስኤችን ዕትሙን ብትጠይቁት ቁጥሩን ከነፒው ይነግራችኋል። ኦፕንቢኤስዲ ላይ ያንኑ ብትጠይቁ ቁጥሩ ያለ ፒ ይመጣል፤ ከጎኑም ሊብሬኤስኤስኤል የሚለው ስም ይከተላል።