የሥራ ጉዳት ካሣ ክርክር፤ ከአንኮበር ችሎት እስከ ጎረቤላ

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን ባለጉዳይ ዋስ ጠርቶ፥ ምስክር ቆጥሮ፥ በአንደበቱ ርቱዕነት ይሟገት ነበር። ዛሬ በወረዳው ከተማ በጎረቤላ ድንጋይ ሲፈልጥ እጁ የተሰበረ ሠራተኛ የሚጠብቀው ክርክር ሌላ ነው። ከ1954 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ድንጋጌ ወዲህ ሕጉ ደጋግሞ ተለውጧል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪውን ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ ያደርገዋል። ስለዚህ የዳኛው ዋና ጥያቄ «ማን አጠፋ?» ሳይሆን «ጉዳቱ ከሥራው የመጣ ነውን?» የሚል ነው። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጐዳ ወይም ሰክሮ ከመጣ ግን አሠሪው ነፃ ነው። የአካል ጉድለቱን መጠን የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ስለ ሆነ፥ ለእኛ እንደሚመስለን ከአንደበተ ርቱዕ ጠበቃ የሐኪም ወረቀት ይበልጣል። በቃል የተቀጠረ የቀን ሠራተኛም የጽሑፍ ውል አለመኖሩ መብቱን አያስቀርበትም፤ ነገር ግን አስቀድሞ ተቀጥሮ መሥራቱን፥ አብሮት የዋለ ባልደረባውን ቆጥሮ ማስረዳት ይኖርበታል።