ስም ከቤት ይቀድማል፦ ጉንዳን ከዋሽንግተን እስከ ጣና

በሜሪላንድ በምትገኘው በሎረል ከተማ፣ ክረምቱ አልፎ ምድር ሲሞቅ፣ በእግረኛ መንገድ ስንጥቆች ላይ ጥቋቁር ጉንዳኖች ተቆላልፈው ሲዋጉ ይታያሉ። ልጆች ከብበው ይመለከታሉ፤ አንዳንዱም ጥቂቶቹን በጠርሙስ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሁለት ጥያቄ ይከተላል፦ ይህ ጉንዳን ማን ነው? ቤቱስ ምን ዓይነት ነው? ታሪክ የሚያስተምረን ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀድሞ ሊመለስ እንደማይችል ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የዋሽንግተን አካባቢ ጉንዳኖች በስማቸው ለመታወቃቸው ብዙ የደከመው አንድ ስደተኛ ነበር። ቴዎዶር ፔርጋንዴ በ1840 በጀርመን ተወልዶ ወደ አሜሪካ የተሻገረ፣ የነፍሳትን ጥናት በራሱ ጥረት የቀሰመ ሰው ነው። ከ1878 ጀምሮ በዋሽንግተን በግብርና መሥሪያ ቤት ሲያገለግል የሰበሰባቸውን ጉንዳኖች ለጣሊያናዊው ሊቅ ለካርሎ ኤመሪ ይልክ ነበር። ኤመሪም ከ1893 እስከ 1895 ባሳተመው የሰሜን አሜሪካ ጉንዳኖች ጥናት ብዙ አዳዲስ ዝርያዎችን ሲገልጽ፣ አንዳንዶቹን በላኪው ስም ሰየማቸው።

ይሁንና የታወቀ የመሰለው ሁሉ በእርግጥ የታወቀ አልነበረም። ያ በእግረኛ መንገድ ላይ የሚዋጋው ጉንዳን ከአውሮፓ የመጣ ነው። ሊኔየስ በ1758 ለአንድ የአውሮፓ ዝርያ የሰጠው ስም ለረጅም ዘመን ለእርሱም ሲያገለግል ቆየ። በ1927 ፌሊክስ ሳንቺ ከቺሊ ለመጡ ናሙናዎች «ኢሚግራንስ» የሚል ስም አወጣ፤ «ስደተኛ» ማለት ነው። ይህ ዝርያ ራሱን የቻለ መሆኑ በጥናት ተረጋግጦ ትክክለኛ ስሙን ያገኘው ግን በ2017 ነው። ስደተኛው በሰው አገር ብዙ ዘመን ኖሮ፣ በስሙ የተጠራው ገና ትናንት ነው ማለት ይቻላል።

ስም የሚገኘው በትዕግሥት በማየት ነው። የዚህ ጉንዳን ወገብ ሁለት አንጓ አለው፤ ከወገቡ በላይ ሁለት አጫጭር እሾሆች ይታያሉ፤ ራሱ ላይም እንደ እርሻ ትልም የተሰመሩ ቀጫጭን መስመሮች አሉ። በዚያው ሰፈር የሚገኘው ጥቁሩ የእንጨት ጉንዳን ግን በአካል ይበልጠዋል፤ ወገቡ ባለ አንድ አንጓ፣ ጀርባውም ለስላሳ ነው። አማርኛችን ምስጥን ከጉንዳን መለየቱም የሚያስመሰግነው ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ነጭ ጉንዳን» ሲሉት የኖሩት ምስጥ በዘር ለበረሮ የሚቀርብ ነውና።

ስሙ ሲታወቅ የቤቱ ነገርም ይገለጣል። አንዱ አፈር ይቆፍራል፤ ሌላው የረጠበ እንጨት ይቦረቡራል። እንግሊዛዊው ጆን ላቦክ ጉንዳኖችን በሁለት መስታወቶች መካከል በተነጠፈ ስስ አፈር ውስጥ አኑሮ፣ በ1874 የያዛት አንዲት ንግሥት እስከ 1888 ኖራለታለች። ፈረንሳዊው ሻርል ዣኔ ደግሞ በ1893 ከጄሶ የተሠራ ቤት አቀረበ። ጄሶው በአንድ ጫፉ ውኃ ስለሚመጥ ክፍሎቹ ከእርጥብ ወደ ደረቅ ይሸጋገራሉ፤ ጉንዳኖቹም የሚስማማቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ። በ1956 በአሜሪካ ገበያ የወጣው የፕላስቲክ መጫወቻ ግን የሚሸጠው ያለ ንግሥት ነበር፤ ንግሥት የሌለው መንጋ ደግሞ ተተኪ አያፈራም፤ ያሉት ሠራተኞች ሲሞቱ ቤቱ ባዶ ይቀራል። ዛሬም ንግሥትን ከአንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው ማጓጓዝ የፌዴራሉን ግብርና መሥሪያ ቤት ፈቃድ ይጠይቃል።

ጥንቃቄው ከንቱ አለመሆኑን ከአገራችን የተገኘ ምሳሌ ያሳየናል። በ2017 የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ዓለማየሁ ዋሴ የተሳተፉበት ጥናት፣ በሰሜን ኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ደኖችና በአካባቢያቸው ሌፒሲዮታ ካኔሰንስ የተባለ ጉንዳን እስከ 38 ኪሎ ሜትር የሚዘረጋ አንድ ግዙፍ መንጋ መመሥረቱን አስታወቀ። የሎረሉ ጉንዳን ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ይዋጋል፤ የጣናው ግን በዚያ ሁሉ ርቀት ወገኑን እንደ ባዕድ አይቆጥርም። በአገሩ ሳለ እንዲህ የሚስፋፋ ፍጡር በሰው እጅ ባሕር ቢሻገር ምን ያደርግ ይሆን? የዚሁ ወገን የሆነ ሌላ ዝርያ በ2015 በአውስትራሊያው የዳርዊን ወደብ ሲገኝ ለማጥፋት ዘመቻ አስፈልጓል።

እንግዲህ በሎረል አጠገብ በ1936 የተቋቋመውን የፓተክሰንት የዱር እንስሳት መጠለያ የሚጎበኝ ሰው ያለ ፈቃድ ከዚያ ምንም እንዳይወስድ ሕግ ይከለክለዋል። ከራሱ ግቢ የያዘ ግን አስቀድሞ በአጉሊ መነጽር ይመልከት፤ ስሙን ይወቅ፤ ከዚያ ቤቱን ይሥራ። ማኖር ካልሆነለትም ወደ ተገኘበት ድንጋይ ሥር ይመልሰው እንጂ ወደ ሌላ ቦታ አይልቀቀው። ያልታወቀን ፍጡር ማስገባት ቀላል ነው፤ ማስወጣቱ ግን ከባድ ነው።