ታማኝ በየነ፦ ከስታዲየም መድረክ እስከ ጌዴኦ ተፈናቃዮች

ብዙዎቻችሁ ታማኝ በየነን የምታውቁት በፖለቲካ ንግግሩ ይሆናል። ወላጆቻችሁን ብትጠይቁ ግን መጀመሪያ የሚነግሯችሁ ስለ ሳቁ ነው። እዚህ ዲላና ጌዴኦ ላለነው ደግሞ ስሙ ከ2011 ዓ.ም ጋር ይያያዛል። የዛሬው «ማን ነው?» ሦስቱንም አንድ ላይ ያያል።

▪️ መነሻው

ታማኝ የጎንደር ልጅ ነው። በደርግ ዘመን መጨረሻ አካባቢ አዲስ አበባ ላይ በመድረክ መሪነትና በቀልድ ስሙ ገነነ። ዘመኑ እነ አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰ ሕዝብ የሚያስቁበት ነበር። የታማኝ ዋና መሣሪያ የሰው አነጋገር አስመስሎ ማቅረብ ነው። ድምፁን ብቻ አይደለም፤ አተነፋፈሱን፣ የቃል አመራረጡን፣ ኮራ ማለቱን ሁሉ ያመጣዋል።

▪️ በምን ይለያል?

ሐምሌ 1983 ዓ.ም የሽግግር መንግሥቱ ምክር ቤት ተቋቋመ። 87 መቀመጫ ነበረው። ሕዝቡ እንደዚያ ዓይነት ክርክር ሰምቶ አያውቅም። ታማኝ ታዲያ ክርክሩን ይዞ አዲስ አበባ ስታዲየም መድረክ ላይ ወጣ። የምክር ቤቱን ሰዎች አንድ በአንድ እየሆነ አሳየ። ይህ ሥራው በካሴት እየተባዛ በየቤቱ ተሰማ፤ ዛሬም በዩቲዩብ ይታያል።

ልብ በሉ፦ የሚቀለድበት ሰው ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ነው። የመንደር ሞኝ፣ የገጠር ሰው፣ ኮልታፋ ላይ መቀለድ ቀላል ነው፤ ማንም አይጠይቅህም። ባለሥልጣን ላይ በአደባባይ መቀለድ ግን ዋጋ ያስከፍላል።

▪️ ስደትና ቪዲዮው

በ1980ዎቹ መጨረሻ ታማኝ አገር ለቆ ወጣ፤ ኑሮውን አሜሪካ አደረገ። እዚያም ስልቱ አደገ። አዳራሽ ውስጥ ትልቅ ስክሪን ያቆማል። አንድ ባለሥልጣን ዛሬ የተናገረውን ያሳያል፤ ቀጥሎ ያው ሰው ከዓመታት በፊት ተቃራኒውን ሲናገር ያሳያል። ከዚያ ዝም ይላል። ሳቁ ከራሱ ከሰውየው አፍ ይወጣል።

ዛሬ ቲክቶክ ላይ «ያኔ እና አሁን» እያላችሁ የምትሠሩት ቪዲዮ ማለት ነው። ልዩነቱ የድሮውን ቪዲዮ ለማግኘት ያኔ ብዙ መልፋት ይጠይቅ ነበር። ኢሳት ቴሌቪዥን በ2002 ዓ.ም ከተጀመረ በኋላ ይህ ሥራው አገር ቤትም በሳተላይት ገባ።

በ2006 ዓ.ም መጀመሪያ በሳዑዲ ዓረቢያ በኢትዮጵያውያን ላይ ግፍ ሲደርስ ግሎባል አሊያንስ የተባለው የኢትዮጵያውያን መብት ድርጅት ተቋቋመ። ታማኝ መሪው ሆነ። ነሐሴ 26 ቀን 2010 ዓ.ም ከ22 ዓመት ስደት በኋላ አዲስ አበባ ገባ።

▪️ ጌዴኦ ላይ

ከሚያዝያ 2010 ዓ.ም ጀምሮ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ የሆነውን እዚህ ያለ ሰው አይረሳውም። ከሁለቱም ወገን ሰው ተፈናቅሏል። በጥቂት ወራት ቁጥሩ ወደ 1 ሚሊዮን ተጠጋ። በ2018 እ.ኤ.አ በግጭት አዲስ በተፈናቀለ ሕዝብ ብዛት ኢትዮጵያ ከዓለም አንደኛ ነበረች። መጋቢት 2011 ዓ.ም ከጌዴብ ወረዳ፣ ጎቲቲ፣ የተራቡ ሕፃናት ፎቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲወጣ አገር ደነገጠ።

ታማኝ በግሎባል አሊያንስ በኩል ጎፈንድሚ ከፈተ። ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። ርዳታው በወርልድ ቪዥን በኩል እንዲሠራ ተደረገ። አብዛኛው ገንዘብ ጌዴኦን በዓይናቸው አይተው ከማያውቁ ሰዎች የመጣ ነው። ታዲያ ለምን ሰጡ? በፎቶው ስላዘኑ ነው። ግን ደግሞ «ገንዘቤ የት ይደርሳል?» የሚል ጥያቄ ሲነሳ፣ ለዓመታት ማስረጃ እያሳየ ያሳቃቸውን ሰው አመኑ።

▪️ የሚነሳበት ጥያቄ

«ኮሜዲያን ነው ወይስ ፖለቲከኛ?» የሚሉት ብዙ ናቸው። ወገንተኛ ነው የሚሉት አሉ። ፖለቲካው ጥሩ ኮሜዲያን ቀማን የሚሉም አሉ። በፖለቲካ አቋሙ መስማማት ግዴታ አይደለም። እኛ ግን አንድ ነገር እናያለን፦ ቀልዱና ርዳታው የተያያዙ ናቸው። ሳቁ ባይቀድም ኖሮ አደራው አይመጣም ነበር።

▪️ ለእናንተ

ዲላ ላይ በስልክ ቀልድ የምትሠሩ ወጣቶች አላችሁ፤ እናያችኋለን። አንድ ሚሊዮን እይታ ደስ ይላል። አንድ ቀን ግን ጎረቤት ሲቸገር «እባካችሁ እንርዳ» ትሉ ይሆናል። ያኔ ሰው የሚያየው የተከታዮቻችሁን ቁጥር አይደለም፤ እስከዚያ ድረስ በማን ላይ እንደሳቃችሁና እውነት እንደተናገራችሁ ነው።