ገቢና የአየር ብክለት በአዲስ አበባ የዕለት ተዕለት ጉዞ

የከተማ ነዋሪ ወደ ሥራ፣ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ገበያ የሚጓዝበትን መንገድ የሚወስነው በፍላጎቱ ብቻ አይደለም። የገቢው መጠን፣ የመኖሪያው ርቀትና የሚተነፍሰው አየር ምርጫውን ያሰፉታል ወይም ያጠቡታል። አዲስ አበባ ለዚህ ጉልህ ማሳያ ናት።

በመዲናዋ ከሚደረጉት ጉዞዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእግር የሚከናወኑ ናቸው። ቀሪው በአብዛኛው በአውቶቡስና በሚኒባስ ታክሲ የሚሸፈን ሲሆን፣ የግል አውቶሞቢል ድርሻ አነስተኛ ነው። ብዙዎች በእግር የሚጓዙት የታክሲ ሒሳብ ከገቢያቸው ጋር ስለማይመጣጠን ነው። ሁለትና ሦስት ታክሲ መያዝ የሚጠበቅባቸው ዝቅተኛ ተከፋዮችም ከፊሉን መንገድ በእግር በመሸፈን ወጪያቸውን ይቀንሳሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2021 ባሻሻለው መመሪያ መሠረት፣ በአየር ውስጥ የሚገኝ ደቃቅ ብናኝ ዓመታዊ አማካይ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ ከ5 ማይክሮ ግራም መብለጥ የለበትም። በአዲስ አበባ የተካሄዱ ልኬቶች ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚልቅ መጠን አሳይተዋል። ለዚህም የተሽከርካሪ ጭስ፣ ማገዶና ከሰል፣ የቆሻሻ ቃጠሎና አቧራ ምክንያት ናቸው። ብናኙ ለልብ፣ ለሳንባና ለስትሮክ ሕመሞች ያጋልጣል።

ገቢው ያደገ ነዋሪ አውቶሞቢል ሲገዛ የመንገዱ ጭስ ይጨምራል። ጭሱን በብዛት የሚተነፍሱት ግን በእግረኛ መንገድ የሚጓዙት፣ በታክሲ ሰልፍ የሚቆሙትና በጎዳና ዳር የሚሠሩት ናቸው። በመሆኑም አነስተኛ ብክለት የሚያመነጨው ወገን ከፍተኛውን ጉዳት ይሸከማል።

ችግሩን ለማቃለል ልዩ ልዩ እርምጃዎች ተወስደዋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ለብክለት ቁጥጥር የሕግ መሠረት ጥሏል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው፣ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም ሥራ ጀምሯል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ለረጅም ጊዜ ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ተወስኗል።

ይሁንና የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ለአብዛኛው ነዋሪ አቅም የሚመጥን አይደለም። ለእግረኛው ፈጥኖ የሚደርሰው ጥቅም ምቹ የእግረኛ መንገድ፣ በሰዓቱ የሚመጣ አውቶቡስና ጭሱ በየጊዜው የሚመረመር ተሽከርካሪ ነው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አሠራርም ከጉዳዩ ውጭ አይደለም። በአንድ ቀን ሊያልቅ የሚችል ጉዳይ "ነገ ተመለስ" በተባለ ቁጥር፣ ባለጉዳዩ ለተጨማሪ የታክሲ ወጪ ወይም በጭስ ውስጥ ለሚደረግ ሌላ የእግር ጉዞ ይዳረጋል። አገልግሎትን ለነዋሪው ማቅረብና ማቀላጠፍ ምልልሱን ከመቀነሱም በላይ ለጤናው የሚደረግ ጥበቃ አካል ነው።