በርጩማና መንኰራኵር

በትምህርት ቤታችን መጻሕፍት ቤት የላይኛው መደርደሪያ ከብዙዎቻችን ቁመት በላይ ነው። መጽሐፍ ለማውረድ የምንፈልግ ሁሉ ወንበር ጐትተን፣ እርሱም ባይበቃ ሌላ ወንበር ደርበን እንወጣ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን ከክፍል ጓደኞቻችን አንዲቱ ከተደረበው ወንበር ላይ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መጻሕፍት ቤቱን የሚጠብቁት ወይዘሮ ማንም ወደ ላይ እንዳይወጣ ከለከሉ፤ የታሪክ መጻሕፍት በሙሉ የሚገኙት ደግሞ እዚያው ላይ ነበር። እኛም የእጅ ሥራ ክበብ አባሎች ሲገፉት በመንኰራኵር የሚሄድ፣ ሲወጡበት ግን መንኰራኵሩ ወደ ውስጥ ገብቶ እንደ ድንጋይ የሚቆም መወጣጫ ለመሥራት ተነሣን። በሥራው መካከል አንዱ ጓደኛችን እንዲህ ያለ ዕቃ በአያቶቻችን ቤት ለምን እንዳልነበረ ጠየቀ። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረን ያ ጥያቄ ነው።

መልሱ ያለው በወለሉ ላይ ነው ብለን እናምናለን። የአገራችን መቀመጫ በርጩማ ነው። ስመ ጥሩው የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ በሦስት እግር ይቆማል፤ እንጨቱም ብዙውን ጊዜ ዋንዛ ነው፤ በሲዳምኛ ዋዲቾ የሚባለው ማለት ነው። እግሩ ሦስት መሆኑ ለጌጥ አይመስለንም። በጂኦሜትሪ እንደተማርነው በአንድ መስመር ላይ ያልዋሉ ሦስት ነጥቦች ምን ጊዜም በአንድ ጠለል ላይ ይውላሉ፤ ስለዚህ ባለሦስት እግር መቀመጫ በጐርባጣ የአፈር ወለል ላይ እንኳ አይወዛወዝም። ባለአራት እግር ወንበር በዚያው ቤት ቢቀመጥ አንዱ እግሩ በአየር ላይ ይቀራል። መንኰራኵርማ ከነጭራሹ አይታሰብም።

መንኰራኵር የተስተካከለ መንገድ እንደሚፈልግ ዐፄ ቴዎድሮስ ከማንም ይልቅ በድካም ዐውቀውታል። በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 70 ኩንታል ያህል ይመዝን ነበር። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ በሠረገላ ተጭኖ ከደብረ ታቦር ሲነሣ ለእርሱ የሚበቃ መንገድ ከፊቱ አልነበረም። ሠራዊቱ ገደሉን እየናደ፣ ቋጥኙን እየፈነቀለ መንገድ ሲያወጣ ንጉሠ ነገሥቱም በገዛ እጃቸው ይሠሩ እንደ ነበር በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ጽፈዋል። መድፉ መቅደላ የደረሰው ከ5 ወር በላይ ተጕዞ በመጋቢት ወር ነው። ሠረገላው ተሠርቶ ነበር፤ የጐደለው ወለል ነበር። ባቡርም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የገዛ ራሱን የብረት መንገድ ተከትሎ ነው የመጣው።

የከተማችን የሐዋሳ ዕድል ግን ሌላ ነው። በ1952 ዓ.ም. ገደማ ስትቈረቈር ቦታዋ ከሐይቁ ዳር ያለው ሜዳ ሆነ። ብስክሌት በከተማችን እንዲህ የበዛው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ዛሬም ባጃጁ መንገዱን ሞልቶት ይውላል። (ባጃጅ ባለሦስት እግር ስለ ሆነ የበርጩማ የልጅ ልጅ ነው የሚል ጓደኛ አለን፤ የታሪክ አስተማሪያችን ግን አልተቀበሉትም።) የመጻሕፍት ቤታችንም ወለል ሲሚንቶ ነው።

በውጭ አገር ስለ ከፍተኛ መደርደሪያ ያሰቡ ሰዎች ቀድመው ነበሩ። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን መቀመጫው ሲገለበጥ ደረጃ የሚሆን ወንበር ነበረው። ዴቪድ ፊሸር የተባለ ጥቁር አሜሪካዊም በ1876 እ.ኤ.አ. ከቤት ዕቃ እግር ሥር የሚገባ ትንሽ መንኰራኵር በስሙ አስመዘገበ። በሃያኛው ምዕተ ዓመት ደግሞ መንኰራኵሩ በሞላ ላይ የተሰቀለ መወጣጫ በየመጻሕፍት ቤቱ ይታይ ጀመር። እኛ የተከተልነው ይህንን ነው።

ጣውላ፣ ሞላ፣ ቪት፣ ኩሽኔታ የሚሉት የሠራተኞቻችን ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ ጠላት ሄደ፣ የመሣሪያው ስም ግን ቀረ። የእኛም ዕቃ ከእነዚሁ ተሠራ። የጣውላ ሣጥን አበጀን፤ እግሩንም አራት አደረግነው፤ ምክንያቱም ሦስት እግር ለተቀመጠ ሰው እንጂ ወደ ጐን ተንጠራርቶ መጽሐፍ ለሚያወርድ አይመችም። ከተጣሉ የቢሮ ወንበሮች አራት ትንንሽ ጎማዎች አውጥተን እያንዳንዱን በሞላ ላይ ሰቀልነው። ሣጥኑ ባዶ ሲሆን ሞላው ጎማውን ወደ ታች ገፍቶ እግሮቹን ከወለሉ ግማሽ ሣንቲ ሜትር ያህል ያነሣል። ሰው ሲወጣበት ሞላው ይታመቃል፤ እግሮቹም ወለሉን ይረግጣሉ።

መጀመሪያ ያገኘነው ከጋራዥ ለምነን ያመጣነውን የሞተር ብስክሌት ሞላ ነበር። ከመካከላችን ወፍራሙ ልጅ ሲወጣበት ቀጥ ብሎ ስለ ቆመ አጨበጨብን። ትንሿ ልጅ አንድ እግሯን ብታሳርፍበት ግን ሸርተት ብሎ ሄደባት፤ እጇን ይዘን ባንቆይ ሁለተኛ ክንድ ይሰበር ነበር። ስሕተታችን የገባን ያን ጊዜ ነው። የሚወጣ ሰው በመጀመሪያ የሚያሳርፈው የክብደቱን ጥቂት ክፍል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሞላው ሣጥኑን ለማንሣት ብቻ ይበቃ እንጂ ከዚያ የበለጠ ጕልበት ሊኖረው አይገባም። ሣጥናችን 8 ኪሎ ስለሚመዝን በእያንዳንዱ ሞላ ላይ የሚያርፈው 2 ኪሎ ነው። ሞላዎቹን በቀጫጭኖቹ ለወጥናቸው፤ 10 ኪሎ ጤፍ ስንጭንበትም በእግሮቹ ቆሞ አልነቃነቅ አለ።

ወይዘሮዋ የፈቀዱልን ጤፉን በገዛ እጃቸው ጭነው፣ ሣጥኑንም ገፍተው ካዩ በኋላ ነው። መጀመሪያ የወጣችበትም ክንዷ የተሰበረው ጓደኛችን ናት። በመስኮቱ አጠገብ ሲሚንቶው ተሰንጥቋልና መወጣጫው እዚያ ሲደርስ ጎማው ይያዛል፤ ያን ጊዜ እንደ በርጩማ በእጃችን አንሥተን እናሻግረዋለን።