ሃይማኖተኛነትና ሃይማኖት የለሽነት በቅርያት ማላኪ፣ በገደራና በያቭኔ

በእስራኤል የሰው ሃይማኖት በሁለት መንገድ ይቆጠራል። አንደኛው የሕዝብ መዝገብ ነው፦ አይሁዳዊ፣ ሙስሊም፣ ክርስቲያን፣ ድሩዝ ወይም «ሃይማኖቱ ያልተመደበ»። በዚህ በመጨረሻው ምድብ የሚገኙት በአብዛኛው ከቀድሞዋ ሶቭየት ኅብረት በመመለሻ ሕግ (አይሁዳውያንና ቤተሰቦቻቸው ወደ እስራኤል እንዲገቡ በሚፈቅደው ሕግ) የገቡ፣ በረቢዎች ሕግ ግን አይሁዳዊ የማይባሉ ሰዎች ናቸው፤ ያምኑ አያምኑ እንደሆነ መዝገቡ አይነግረንም። ሁለተኛው አይሁዳውያን ራሳቸውን የሚገልጹበት ነው፦ ሒሎኒ (ዓለማዊ)፣ ማሶርቲ (ወግ ጠባቂ)፣ ዳቲ (ሃይማኖተኛ) እና ሐሬዲ (አጥባቂ)። በማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ቢሮ ጥናት መሠረት 20 ዓመት ከሞላቸው አይሁዳውያን ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሒሎኒ፣ ሲሶው ገደማ ደግሞ ማሶርቲ ነን ይላሉ። ሒሎኒ ሁሉ ግን «አምላክ የለም» ባይ አይደለም፤ ዮም ኪፑርን (የስርየት ቀንን) የሚጾም ሒሎኒ ሞልቷል።

ሐሬዲው በኢየሩሳሌምና በብኔ ብራክ፣ ሒሎኒው በቴል አቪቭና በሃይፋ ይበዛል። ከደቡብ ወደ ሰሜን ከ20 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ላይ የሚገኙት ሦስቱ ከተሞች፣ ቅርያት ማላኪ፣ ገደራና ያቭኔ፣ ግን አራቱንም ዓይነት ይዘዋል፤ መልካቸውን የወሰነው ማን መቼ መጥቶ እንደሰፈረ ነው። (ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ገደራን በ1884 የቆረቆሩት ከሩሲያ የመጡ የቢሉ ማኅበር ወጣቶች ሲሆኑ፣ በኢየሩሳሌም አጥባቂዎች ዘንድ በሃይማኖት ልልነት ይታሙ ነበር። ቅርያት ማላኪ በ1950ዎቹ መባቻ ከስደተኞች መጠለያ ተነሥታ ያደገች ናት፤ ስሟም የሎስ አንጀለስ አይሁዳውያን ለሰጡት ርዳታ መታሰቢያ ነው። ከሰሜን አፍሪካ የመጡት ቤተሰቦች የማሶርቲውን ወግ ተከሉባት፤ በ1969 ደግሞ ከሐሬዲው ወገን የሆኑት የሐባድ ሐሲዶች ናሐላት ሐር ሐባድ የተባለውን ሰፈራቸውን መሠረቱ። ያቭኔ ከሁለቱም ትቀድማለች፦ የኢየሩሳሌሙ ቤተ መቅደስ በ70 ከፈረሰ በኋላ ረባን ዮሐናን ቤን ዛካይና ተከታዮቹ የረቢዎችን ሥርዓት ያደራጁት እዚያ ነው።

የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ የቤተ እስራኤል፣ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ከ100 የቅርያት ማላኪ ነዋሪዎች 15 ያህሉ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ በገደራም ሻፒራ ሰፈር በእነሱ ይታወቃል። ያቭኔ ያወጣችው ሥርዓት ግን እነሱ ይኖሩበት ወደነበረው ጎንደር አልደረሰም ነበር። ቤተ እስራኤል በግዕዝ ኦሪት ይመሩ ነበር፤ ታልሙድም ሐኑካም አያውቁም ነበር። ረቢዎች ዓርብ የበራ ሻማ በሰንበት ሌሊት እንዲነድ ሲፈቅዱ፣ እነሱ ሰንበት ሳይገባ እሳቱን ሁሉ ያጠፉ ነበር። የሰንበቱን ዳቦ፣ በረከቴውን፣ የሚባርከው የእነሱ ካህን የሆነው ቄሱ ነው።

ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤል የዳን ነገድ ልጆች፣ ስለዚህም አይሁዳውያን ናቸው ብለው ቢወስኑም፣ ረቢናቱ (የአይሁዳውያንን ጋብቻ የሚመዘግበው የረቢዎች ባለሥልጣን) በ1980ዎቹ ለጋብቻ የመንጻት ጥምቀት ይጠይቃቸው ነበር። በ1985 ቄሶችና ወጣቶች ይህን በመቃወም በኢየሩሳሌም ከረቢናቱ ሕንፃ ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀመጡ። በዚያው ዘመን የገቡት ልጆች በብዛት ወደ መንግሥት የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች ተላኩ፤ ረቢ መምህራን ያስተማሯቸው ሃይማኖትም የአያቶቻቸው አልነበረም። ከአንድ ቤት ቄስ ያረደውን ብቻ የሚበላ አያት፣ ኪፓ (የሃይማኖተኞች ቆብ) ያደረገ አባትና ሒሎኒ ነኝ የምትል ልጅ ቢገኙ አያስደንቅም። አያትየው ከአራቱ ስሞች በየትኛው ይጠሩ? «ማሶርቲ» ቢባሉ ይቀላል፤ ነገር ግን የሚጠብቁት ወግ ሌላ ነው።

መንግሥት የቤተ እስራኤልን በዓል ስግድን በ2008 ብሔራዊ በዓል አድርጎ በሕግ ቢያውቅም፣ ቄሱ የመረቁት ጋብቻ በረቢናቱ በኩል ካልሆነ በሕግ አይጸናም። ምንም የማያምነው ሒሎኒም ለመጋባት በዚሁ በር ነው የሚገባው፤ ካልፈለገ ወደ ቆጵሮስ ተሻግሮ በሲቪል ሕግ ይጋባል፤ አገር ቤት ሲመለስ የሕዝብ መዝገቡ ባለትዳር ብሎ ይጽፈዋል።