ዜና መዋዕል ዘስታርክራፍት፤ በኮሪያ ምድር እንደ ነገሠ

ይህ ስታርክራፍት የተባለው የሰማይ ጦርነት ጨዋታ እንዴት እንደ ተሠራ፣ በማን አገር እንደ ነገሠ፣ ነገሥታቱም እርስ በርሳቸው እንዴት እንደ ተሻሩ የሚናገር ታሪክ ነው። ዘመኑን ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ጽፈነዋል። ለጨዋታ ዜና መዋዕል አይገባውም የሚል ቢኖር አስቀድሞ ታሪኩን ይስማ።

በ 1988 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ ብሊዛርድ የሚባል ጨዋታ ሠሪ ቤት አዲስ ሥራውን ለአደባባይ አወጣ። ያዩትም ናቁት። ቤቱ ዋርክራፍት በሚባለው ጨዋታ አስቀድሞ ስም አግኝቶ ነበርና፣ የቀድሞውን ጦርነት ሐምራዊ ቀለም ቀብቶ ወደ ሰማይ ከማውጣት በቀር ምንም አላደረገም ተባለ። ሠሪዎቹ ትችቱን ሰምተው አላኮረፉም። ሥራውን ከመሠረቱ አፍርሰው እንደገና ጻፉት። መጋቢት 22 ቀን 1990 ዓ.ም. ለገበያ ወጣ፤ በኅዳር 1991 ደግሞ ብሩድ ዋር የሚባለው ተጨማሪ ክፍል ተከተለው።

ከዚያ በፊት በነበሩት የዚህ ዓይነት ጨዋታዎች ተፋላሚዎቹ በመልክ እንጂ በአሠራር ብዙም አይለያዩም ነበር። አንዱ ቀስተኛ ቢኖረው ሌላው መጥረቢያ ወርዋሪ ይኖረዋል፤ ሚዛኑም በዚህ ይጠበቃል። ስታርክራፍት ግን በአኗኗርም በአዋጋግም የማይገናኙ ሦስት ሕዝቦችን አንድ ሜዳ ላይ አሰለፈ።

የመጀመሪያዎቹ ቴራን ናቸው። ከምድር ተግዘው ኮፕሩሉ በሚባል የሰማይ ክፍል የወደቁ የእስረኞች ዘር ናቸው። ብረት ሠሪዎችና ምሽግ አዋቂዎች ሲሆኑ፣ ጠላት ሲበረታባቸው ግምባቸውን ከነመሠረቱ ወደ አየር አንሥተው ሌላ ስፍራ ያሳርፉታል። ሁለተኞቹ ዜርግ ብረት አያውቁም። ቤታቸውም መሣሪያቸውም ሥጋ ነው፤ ሁሉም ከእጭ ይፈለፈላል። ሕንፃ ሲያሻቸው አንዱ ሠራተኛ ራሱ ወደ ሕንፃነት ይለወጣል፤ ሕንፃው ቆመ ማለት ሠራተኛው ጠፋ ማለት ነው። ሦስተኞቹ ፕሮቶስ ጥንታውያንና ኩሩዎች ናቸው። ቁጥራቸው ጥቂት፣ ዋጋቸው ውድ፣ ገላቸውም በብርሃን ጋሻ የተሸፈነ ነው። ግምብ አይገነቡም፤ ሠራተኛው ምልክት ተክሎ ከሩቅ አገራቸው ይጠራውና ወዲያው ወደ ማዕድኑ ይመለሳል።

በ 50 ማዕድን ቴራን ማሪን የሚባል አንድ ተራ ወታደር ያሠለጥናል። ዜርግ በዚያችው 50 ሁለት ዜርግሊንግ ያወጣል። ፕሮቶስ አንድ ዚለት ለማሰለፍ 100 ይከፍላል። ይህን ያህል የተራራቁ ሕዝቦች በሜዳ ተገናኝተው አንዱ ሌላውን ለዘለቄታው ሳይውጠው መቅረቱ፣ በእኔ ፍርድ፣ በጨዋታ ሥራ ውስጥ እስከ ዛሬ ከተደረገው ሁሉ ይበልጣል።

አጨዋወቱ እንዲህ ነው። ተጫዋቹ በአራት ሠራተኞችና በ 50 ማዕድን ይጀምራል። ሠራተኛው በአንድ ምልልስ የሚያመጣው 8 ማዕድን ብቻ ነው። ሜዳው ሁሉ ጨለማ ነው፤ የራስ ሰው ከቆመበት በቀር አይታይም። ተራ መጠበቅ የለም፤ ሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ ያርሳል፣ ይገነባል፣ ይሰልላል፣ ይዋጋል። ስለዚህ ተጫዋቹ ንጉሥም ነው፣ አበጋዝም ነው፣ የግምጃ ቤት ሹምም ነው፤ ሦስቱ ሹመቶች ግን አንድ ጥንድ ዓይን ብቻ አላቸው። በግራ በኩል ጦሩን ሲመራ በቀኝ በኩል ግምጃ ቤቱ ይራቆታል። ግምጃ ቤቱን ሊያይ ዞር ሲል ጦሩ ያልቃል። በአንድ ጊዜም ከ 12 ጭፍራ በላይ ማዘዝ አይፈቀድምና ትልቅ ሠራዊት ማንቀሳቀስ የጣት ሥራ ሆነ። የኋላ ዘመን ባለሙያዎች በአንድ ደቂቃ ከ 300 በላይ ትእዛዝ ይሰጡ ነበር። እኔ ጨዋታውን የወደድሁት በዚህ ጭንቀት ምክንያት ነው። ሰው ምን እንደሚያስቀድም፣ ምንስ ጨክኖ እንደሚተው፣ በሌላ ጨዋታ እንዲህ ተገልጦ አላየሁም።

ጨዋታው በወጣበት በዚያው ዓመት የደቡብ ኮሪያ ሕዝብ በታላቅ ጭንቅ ላይ ነበር። በኅዳር 1990 የአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ተሟጠጠ፤ መንግሥትም ወደ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ሄዶ ብድር ለመነ። ታላላቅ ኩባንያዎች ወደቁ፤ ሕዝቡ የጋብቻ ቀለበቱንና የልጆቹን ወርቅ ሳይቀር እያወጣ ለአገሩ ዕዳ ሰጠ። ከሥራ ከተባረሩትም ብዙዎች በስንብት ገንዘባቸው ፒሲ ባንግ ከፈቱ። ፒሲ ባንግ ማለት ኮምፒውተር በሰዓት የሚከራይበት ቤት ነው። በየካቲት ወር ሥልጣን የያዙት ፕሬዚዳንት ኪም ዴ-ጁንግም አገሪቱን በፈጣን ኢንተርኔት ለማዳረስ ተነሡ። ቤቱም፣ መስመሩም፣ ሥራ አጥቶ የሚውለው ወጣትም በአንድ ዘመን ተገጣጠሙና ስታርክራፍት በመካከላቸው ገባ። በኋላ በዓለም ከተሸጠው ከ 9 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ግማሽ ያህሉ በኮሪያ የተሸጠ ሆነ። በካሊፎርኒያ የተቀመጡት ሠሪዎች ይህን አላቀዱም።

በ 1992 ቱኒቨርስ የሚባል የልጆች ካርቱን ጣቢያ ውድድሩን በቴሌቪዥን አሳየ። ተመልካቹ ስለ በዛ በዚያው ዓመት ኦንጌምኔት የሚባል ጨዋታ ብቻ የሚያሳይ ጣቢያ ተከፈተ። በዚያ ዘመን ይህን ውድድር ካሸነፉት አንዱ ጊዮም ፓትሪ የሚባል ከኩቤክ የመጣ ካናዳዊ ነበር። ከእርሱ በኋላ እስከዚያ ውድድር ፍጻሜ ድረስ ያን ዘውድ የጫነ የውጭ ሰው የለም።

ከዚህም በኋላ ሊም ዮ-ህዋን ተነሣ። በ 1972 የተወለደ፣ በጨዋታ ስሙ ቦክሰር የሚባል፣ የቴራን ሰው ነው። በዚያ ወራት ቴራን ከሦስቱ ደካማው ነው እየተባለ ይታማ ነበር። እርሱ ግን ሌሎች የማያዩትን አየ። ለርከር የሚባለው የዜርግ አውሬ መሬት ውስጥ ተቀብሮ እሾሁን በቀጥታ መስመር ይልካል፤ ማሪን ደጋግሞ ሲነካው ይወድቃል። ሊም እሾሁ ከመድረሱ በፊት ማሪኑን ወደ ጎን እያስፈተለከ፣ መልሶም እያስተኮሰ፣ አንድ ተራ ወታደር ያን አውሬ እንዲገድል አደረገ። ጥቂት ጭፍራ በአየር መርከብ ጭኖ ከጠላት ጀርባ ያራግፋል፤ ጠላት ሲደርስ አንሥቶ ይሄዳል። በ 1993 የኦንጌምኔትን ዘውድ ጫነ፤ ቀጥሎ የመጣውንም ውድድር ደገመ። የኮምፒውተር ጨዋታዎችን የዓለም ዋንጫም በ 1994ና በ 1995 ወሰደ። ሕዝቡ ንጉሠ ነገሥት ብሎ ሰየመው፤ የወዳጆቹ ማኅበርም ከ 500,000 በላይ አባል ነበረው።

በዚያው በ 1993 ሠሪዎቹ በጨዋታው ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ሕግ አሻሻሉ። የዚህን ዋጋ ቀንሰው፣ የዚያን ጉልበት አስተካክለው እጃቸውን አነሡ፤ ከዚያ ወዲህ የሦስቱን ሚዛን አልነኩም። ከሕጉ ጋር ደግሞ ውጊያን ጽፎ የማኖር ኃይል ሰጡ። የሚቀመጠው ሥዕል አይደለም፤ ተጫዋቾቹ የሰጡት ትእዛዝ በቅደም ተከተሉ ብቻ ነው። መዝገቡ ሲከፈት ጨዋታው ትእዛዙን እያነበበ ውጊያውን እንደ አዲስ ይዋጋዋል። እነዚህ ሁለቱ አንድ ላይ መምጣታቸው ታላቅ ነገር ነው። ሕጉ ከጸና በኋላ የሚለወጠው የሰው ብልሃት ብቻ ሆነ፤ ያም ብልሃት ተጽፎ ቀረ። ዛሬ በሴኡል የተሠራውን ስልት ነገ ልጆቹ በፒሲ ባንግ ይማሩታል፤ ከነገ ወዲያ ማፍረሻውን ያገኙታል። ሚዛኑም የተዛባ በመሰለ ጊዜ ኮሪያውያን የውጊያውን ሜዳ ካርታ እየቀየሩ፣ አንድ መተላለፊያ እያጠበቡ ወይም አንድ ኮረብታ እያራቁ አቀኑት።

ሐምሌ 10 ቀን 1996 በቡሳን ከተማ፣ በግዋንጋሊ የባሕር ዳርቻ፣ የቡድኖች ውድድር ፍጻሜ ተደረገ። 100,000 ሰው አሸዋው ላይ ተቀምጦ አየ ተባለ። የሊም ቡድን ኤስኬ ቴሌኮም ቲ1 በዚያ ቀን በሃንቢት ስታርስ ተሸነፈ።

አሁን ስለ ደቀ መዝሙሩ እንናገር። ቾይ ዮን-ሱንግ የሚባለውን ወጣት አይቶ ወደ ቡድኑ ያመጣው ሊም ራሱ ነው። ቾይም ቴራን ነበር፤ ነገር ግን ጥበቡ ሌላ ነው። መምህሩ በጥቂት ጭፍራ ተአምር ሲሠራ፣ እርሱ ግዛቱን አስፍቶ ሠራዊት እንደ ጎርፍ ያፈስሳል፤ ሰዎች ጭራቅ ይሉት ነበር። በ 1997 መጀመሪያ በተደረገው ውድድር ሊም በግማሽ ፍጻሜ ከቆየ ባላንጣው ከሆንግ ጂን-ሆ ጋር ገጠመ። ሆንግ ዜርግን የሚመራ፣ ማዕበል የሚባል፣ ደጋግሞ ለፍጻሜ ደርሶ ሁለተኛ የሚወጣ ጀግና ነው። ሊም ሦስቱንም ጊዜ አንዲት ስልት ደገመ፤ ሠራተኞቹን ከጥቂት ማሪን ጋር ገና በማለዳ ወደ ሆንግ ደጅ ላከ፣ ምሽግ ሠራ፣ ጨረሰ። ትልቅ ጦርነት ሊያይ የመጣው ሕዝብ ገና ሳይደላደል ሁሉም አለቀ። ብዙዎች ተቆጡ፤ እኔ ግን አልፈርድበትም። በሕጉ የተፈቀደውን ያደረገ አበጋዝ አልበደለም፤ ሦስተኛውንም ጊዜ ያው ይመጣል ብሎ ያልጠረጠረ አእምሮን መርምሮ ማወቅ ደግሞ ከሁሉ የከበደ ስለላ ነው።

ኅዳር 11 ቀን 1997 መምህርና ደቀ መዝሙር በፍጻሜው ተገናኙ። ሁለቱም ቴራን፣ ሁለቱም ከአንድ ቤት። አምስት ጊዜ ተዋግተው ቾይ 3 ለ 2 አሸነፈ። ንጉሠ ነገሥቱም በሕዝብ ፊት አለቀሰ። ያሳደገው እጅ ዘውዱን ሲወስድ ማየት ምን እንደሆነ ታሪክ የሚያነብ ሁሉ ያውቃል። ሊም ከዚያ በኋላ ያን ዘውድ አላገኘም። በመስከረም 1999 የአገሩ ሕግ እንደሚያዝዘው ለወታደርነት ሄደ፤ አየር ኃይሉም በዚያው ዓመት የራሱን የጨዋታ ቡድን አቆመ። እውነተኛው ጦር ስለ ጨዋታ ጦር አበጋዝ ብሎ ቡድን ሲያቋቁም ከዚያ በፊት አልተሰማም።

ከእርሱ በኋላ ማ ጄ-ዩን የሚባል የዜርግ ሰው ተነሣ፤ ማኤስትሮ አሉት። የካቲት 17 ቀን 1999 የኦንጌምኔትን ዘውድ ጫነና የሚገዳደረው የሌለ መሰለ። በሳምንቱ፣ የካቲት 24፣ በሌላ ትልቅ ውድድር ፍጻሜ ኪም ቴክ-ዮንግ የሚባል የ 17 ዓመት የፕሮቶስ ልጅ መጣበት። ፕሮቶስ በዜርግ ፊት አቅመ ቢስ ነው ይባል በነበረበት ዘመን ነው። ልጁ ገና ከጅምሩ ግዛቱን አሰፋ፤ በቀላል መርከቦች የዜርግን ሰማይ ዘግቶ ሰላዮቹን አሳወረ፤ ከዚያ በዓይን የማይታዩትን ገዳዮች አስገባ። 3 ለ 0 አሸነፈ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያልታየ ስልት፣ አንዳች ሕግ ሳይለወጥ፣ ከአንድ ልጅ ጭንቅላት ወጣ። ስታርክራፍት ለምን እንዳልሞተ የሚጠይቅ ሰው ያችን ቀን ይመልከት።

ስለ ማ ጄ-ዩን ግን ከዚህ የከፋ መጻፍ ግድ ነው። በ 2002 ተጫዋቾች ከአቋማሪዎች ገንዘብ እየተቀበሉ ሆን ብለው እንደሚሸነፉ ተገለጠ፤ እርሱም ከመካከላቸው ነበረ። የባለሙያዎቹ ማኅበር 11 ተጫዋቾችን ለዘላለም አገደ። የተበደለው ተመልካቹ ነው፤ በጉሮሮው ስማቸውን እየጠራ ያደረ፣ ሽንፈታቸውን እውነት መስሎት ያዘነ ተመልካች።

የመጨረሻውን ዘመን ሊ ዮንግ-ሆና ሊ ጄ-ዶንግ ተካፈሉት፤ ቴራንና ዜርግ። ሊ ዮንግ-ሆ በመጋቢት 2000 የኦንጌምኔትን ዘውድ ሲጭን ገና 15 ዓመቱ ነበር። በዚህ መካከል ሠሪዎቹ በ 2002 ሁለተኛውን ስታርክራፍት አወጡ፤ ጣቢያዎቹና ቡድኖቹም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ እርሱ ዞሩ። ሐምሌ 28 ቀን 2004 በቀድሞው ጨዋታ የመጨረሻው የኦንጌምኔት ፍጻሜ ተደረገ፤ ፕሮቶሱ ሆ ዮንግ-ሙ ቴራኑን ጆንግ ሚዮንግ-ሁንን 3 ለ 1 አሸነፈ።

ጣቢያው ቢተወውም ሕዝቡ አልተወውም። ሥራ ያጡት ተጫዋቾች ከየቤታቸው በኢንተርኔት በቀጥታ መጫወት ጀመሩ፤ ተመልካቹም ገንዘብ እያዋጣ አኖራቸው። በ 2008 ከዚያው አዲስ ውድድር በቀለ፤ ሊ ዮንግ-ሆም በዚያ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ነገሠ። በ 2009 ሠሪዎቹ ሥዕሉንና ድምፁን አድሰው ጨዋታውን እንደገና ሲያወጡ በዓሉን በዚያው በግዋንጋሊ አደረጉ። ስለዚህ እድሳት አንድ ነገር ልጨምር። ሙታሊስክ የሚባሉት የዜርግ በራሪዎች፣ ከሩቅ ከቆመ ሌላ ጭፍራ ጋር አብረው ሲታዘዙ፣ በአንድ ነጥብ ላይ ተደራርበው እንደ አንድ ይበርራሉ። ይህ ከአሠራር ጉድለት የመጣ ነው፤ ሠሪዎቹ አላሰቡትም፤ ተጫዋቾቹ አግኝተው የጦር ጥበብ አደረጉት። ሠሪዎቹም በታደሰው ጨዋታ ውስጥ ሌላውን ሁሉ ሲያሳምሩ፣ ያን ጉድለት አላረሙትም፤ እንዳለ አስቀመጡት።